ልኬት

ከሠራተኛ ሰፈር ቁልቁል ሲወርዱ በግራ፣
ሰገነቱ የጐበጠ፣ ቆርቆሮው ዝገት ያፈራ፣
ባለ ደርብ ቤት አለ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም
አንድ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን ምልክት፤ ሌላ የለም።
እኔ ልለካው ነው የመጣሁ፤ ሜትር፣ እርሳስና ቅጽ፣
ከመፍረሱ በፊት መልኩ እንዲቀር በወረቀት ገጽ።

ያኔ ዳር ነበረ አሉ፣ ከገበያው የራቀ፣
ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ በመወርወሪያ የጠበቀ።
ጅብ ከወንዙ ወጥቶ ሲዞር ከግንቡ፣
በጅሮንድ ይትባረክ
አንድ ጥይት ተኩሰው ይተኙ ነበር፣ ለደንቡ።

ጥዱን ከመናገሻ ወርዶፋ በበሬ ጎተተ፣
ቆርቆሮው ከባሕር ማዶ መጥቶ ግመል ጀርባ ላይ ሰነበተ።
ጣውላውን የፈለፈለው፣ ዳንቴል የመሰለውን ክፈፍ፣
ከህንድ የመጣ አናጢ ነው፤
ናንጂ የሚባል፣ እጀ ወርቅ፣ አማርኛው ልፍስፍ።
«በምን ልለካ ጌታዬ?» ሲል አወጣ ብረቱን።
በጅሮንድ እጅጌ ሰብስበው ዘረጉለት ክንዳቸውን፦
«በዚህ ለካው። ብረትህ ያውቃል ወይ እንቅልፌን፣ ቁመቴን?»

ወሬ ነው ብዬ ነበር፣ የእትዬ ጠጅቱ ተረት፤
ቁጥሩ ግን መጣ። መስኮቱ ዘጠና አራት፣
በረንዳው መቶ ሰማንያ ስምንት፣
በሩ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት።
አካፈልኩ። ደገምኩ። ሁሉም ለአርባ ሰባት፣
ቀሪ የለውም።
የአንድ ሰው ክንድ፣ ከክርን እስከ ጣት።

ያ ክንድ አፈር ከበላው ቆየ፤ እዚህ ግን በየደረጃው፣
በየመቃኑ ተዘርግቷል፤ የማንም ነው ለሚደገፈው።

«አርባ ሰባት» ስላቸው ሳቁ እትዬ ጠጅቱ፦
«እሱማ አዋጁ ነው፣ የተወረሰበት ቤቱ!»

ጣሊያን መጥቶ ቢሮ አደረገው፣ አንድ መስኮት ደፍኖ ኖራ ቀባ፤
ጣሊያን ወጣ፣ ኖራው ረገፈ፣ የልጅ ልጅ ገባ።
ከዚያ አዋጅ። አዳራሹ በኮምፖርሳቶ ተከፈለ፤
ልብስ ሰፊው ሽኩር ከእልፍኙ ቁራጭ፣ ኮርፖራሉ ከደረጃው ሥር፣
እትዬ ጠጅቱ ደርብ ላይ፤ ጣሪያው አቡጀዴ፣
አይጥ የሚሯሯጥበት ዳር ለዳር።
ኪራዩ አራት ብር ከሃምሳ።
ዛሬም አራት ብር ከሃምሳ።

ደርቡ ላይ ሒሳቡ እምቢ አለኝ። በውጭ አሥራ አራት ክንድ፣
በውስጥ፣ የግድግዳውን ውፍረት ቀንሼ፣ አሥራ ሦስት።
ሦስቴ ለካሁ። የጎደለው አንድ።
አንኳኳሁ። ጭቃ ድምፅ የለውም፤ ይሄ ግን መለሰ።
የሽኩር ስፌት መኪና ታች ቤት ቀስ እያለ ቀነሰ።

«ተወው» አሉ እትዬ ጠጅቱ ቆይተው። «በዚያ የሽብር ጊዜ
አሥራ አንድ ወር ልጄ መርዕድ እዚህ ነው የቆመው፤
ቆሞ የተኛ፣ እንደ ምርኩዜ።
ኮርፖራሉ ያውቅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።
በቀበሌ ስብሰባ ሁሉ ከፊት ነው የሚቀመጥ፤
‹ያ ቤት አይጥ አለበት› ይላቸው ነበር፣
ሲያስነጥስ ልጄ ከውስጥ።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።
መስኮቱን ዘጉ። «ወጣ። በሌሊት። በእግሩ።»
የት እንደደረሰ አልጠየቅሁም።
መዳፋቸው ምርጊቱ ላይ ነበር፤ አላለቀም ነገሩ።

ቅጹ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል አንድ ጠባብ መስመር አለ።
ብዙ አሰብኩ። እርሳሴ ሁለቴ ተቀረጸ፣ ሁለቴ ዶለዶመ።
ጻፍኩ፦ የምሥራቁ ግድግዳ፣ ድፍን።
ውፍረት፣ አንድ ክንድ።
ፊርማዬንም አኖርኩ ከሥሩ፤ ይኼው የመጀመሪያዬ ውሸት።

ሲመሽ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር ቆሜ፣
እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ለካሁት፦
አርባ አራት።
ሦስት ሳንቲም ይጎድለዋል።